በሁለት ጾም ያልተቀመሰ ወተት

እኔን ከሥራ ያሰናበተኝ ሙዲር፣ አለቃ ማለት ነው፣ አይደለም፤ ጉልበቴ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ላም ሥር ቁጢጥ ሲል የኖረ ጉልበት አንድ ቀን "በቃኝ" ይላል፤ የኔም አለ። ካርቱም ዳር ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ካለችው ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እንግዲህ ላርፍ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። የት አባቱ! ብዙም ሳልቆይ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ ከተፍ አለች። "ያ ኡም ሰልማ፣ ልጅሽ ቪዲዮ ላይ ወጥታልሻለች፣ ተመልከቺ!"

ተመለከትኩ። ሰልማ አንድ ልጄ ናት፤ ኡም ሰልማ፣ የሰልማ እናት፣ የሚሉኝ በሷ ነው። ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ ስለ ምግብና ስለ አየር ንብረት ሰው የሚያስተምር ቢሮ ትሠራለች። ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ቀጥ ብላ ቆማ በዐረብኛ ትናገራለች። "የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ኩባያ ወተት ሊገድለኝ ነበር" ብላ ጀመረች። ቀጥላ ወተት የበሽታ መንገድ እንደሆነ፣ ላም አየሩን እንደምታበላሽ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ያለ ዘሪባ መነሳት እንዳለበት አስረዳች። ዘሪባ እዚህ የከብት በረትን ይሉታል። ከኋላዋ የሚታየው በረት ደግሞ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነው። በሩን አወቅኩት፤ የእበቱንም ክምር አወቅኩት።

ደሜ ፈላ። ስልኩን መለስኩላት። "ሁለት ሳምንት ነው የቀረው" አለችኝ ጎረቤቴ። የሰፈሩ ለጅና፣ ኮሚቴው ማለት ነው፣ በረቱ ይዘጋ የሚል ወረቀት ፈርሞ ለመንግሥት ሊልክ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ሰብስቦ ያነጋግራል፤ ከቢሮው መጥታ የምትናገረው ደግሞ ሰልማ ናት። በሰፈራችን የቀረው በረት እሱ ብቻ ነው። ከአላቢዎቹ አብዛኞቹ እንደኔ ተሰደው የመጡ የአገሬ ሴቶች ናቸው፤ ሌላ እንጀራ የላቸውም።

የተናደድኩት በልጄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያ ኩባያ ወተት በማን ጥፋት እንደተበላሸ ሰልማ አታውቅም። ጥፋተኞቹ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሞቷል፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለወተት ጠበቃ ልቆም ነው። ለራሴ ግን አልቆምም።

ካርቱም ስገባ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እንደ አገሬ ሴቶች ሁሉ ሰው ቤት ተቀጠርኩ፤ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት። ጧት ጧት ወተት በአህያ የሚያዞረው ሰውዬ በር ላይ ሲጮህ ዕቃ ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጣሳው ጫፍ አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጣል አድርጌ አየሁ። ንጹሕ ወተት ጥፍር ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል፤ ውሃ የገባበት ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ይሄኛው ወረደ። "ይሄ ወተት አይደለም፣ ውሃ ነው!" አልኩት በዚያ በተሰባበረው ዐረብኛዬ። ሰውዬው ሰደበኝ፤ እኔም የማውቃትን ስድብ ሁሉ መለስኩለት።

በማግስቱ በአህያው የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ከሲታ ሽማግሌ፣ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ። "በጥፍሯ ያየችው የትኛዋ ናት?" አለ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ልመታ ነው ብዬ በሩን ያዝኩ። ሳቀ። "ያንን ሌባ አባርሬዋለሁ። ያ ቢቲ፣ የሰው ወለል ከምትወለውዪ ያንን ጥፍርሽን ይዘሽ ወደ በረቴ ነይ።" ያ ቢቲ ማለት ልጄ ሆይ ማለት ነው። ዐም ኢድሪስ፣ አጎቴ ኢድሪስ እንደማለት፣ ይባላል፤ የበረቱ ዋና አላቢ ነበር። በወሩ እመቤቴን ተሰናብቼ ሐጅ ዩሱፍ ገባሁ። ደሞዙ ከሰው ቤቱ አይሻልም ነበር፤ ግን ሰው "አንቺ ሴትዮ" ብሎ አይጠራኝም።

ስለዚህ ሰው ልንገራችሁ። ዛሬ በስልክ መስኮት ብቅ እያለ "አላቢዎች ቆሻሾች ናቸው" የሚለው ሁሉ የዐም ኢድሪስን እጅ ቢያይ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። ጀላቢያውን ወገቡ ላይ ያስራል፤ እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ቢስሚላህ ሳይል ላም አይነካም። እያንዳንዱን ጡት ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ያደርቃል፤ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ አላት፤ የአንዷ ጨርቅ ሌላዋን ከነካ ጨርቁ ይቀቀላል። ጥጃው አስቀድሞ ትንሽ ይጠባል፤ ከዚያ እናቱ እየላሰችው እንድትረጋጋ አንገቷ ሥር ይታሰራል። በሁለት ጣት ጎትቶ ማለብ በሱ ፊት ነውር ነው። በጭብጥ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ። እኔ ስጎትት ሲያይ "ላሟ ደወል ናት እንዴ?" ይለኝ ነበር።

የታመመች ላም የምትታለበው መጨረሻ ነው። መርፌ የተወጋች ላም እግሯ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፤ ክሩ እስኪፈታ ወተቷ መሬት ላይ ይደፋል። የበረቱ ባለቤት አንድ ቀን መጥቶ "ይሄን ሁሉ ወተት ለምን ትደፋዋለህ?" ብሎ ሲጮህበት፣ ዐም ኢድሪስ ኩባያ ሞልቶ "እንካ፣ አንተ ጠጣው" አለው። ባለቤቱ ወጥቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ፈተናዎች ነበሩት። አንደኛው ጥቁር ጨርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጭብጥ ወተት በጥቁር ጨርቅ ላይ ያልባል፤ ጓጎል ያለ ነገር ከታየ ላሟ ግቷን ታማለች። ሁለተኛው ምላስ ነው። ግት ሊታመም ሲል፣ ሳያብጥና ሳይጓጉል በፊት፣ ወተቱ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ይህን ዓይን አያየውም። ዐም ኢድሪስ በየአለባው ከእያንዳንዷ ላም መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይተፋል፤ አፉን ይጉመጠመጣል። "ዓይን ይታለላል፤ ጨው ግን አይዋሽም" ይል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጉድ የሚጀምረው። እኔ ማተቤን ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ የቀሩትንም አጽዋማት ሳልሸራርፍ እጾማለሁ። ቀን ከሌት ወተት ውስጥ እየዋልኩ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ወተት በምላሴ አላስነካም ነበር። የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኩት። "እና ምን ችግር አለ?" አለኝ። "በጾምሽ እኔ እቀምሳለሁ፤ በጾሜ አንቺ ትቀምሻለሽ። አላህ ለአንድ በረት ሁለት ምላስ የሰጠው ለዚህ ነው።" በዚህ ተስማማን። ረመዳን ሲመጣ በአሥር ሰዓቱ አለባ የምቀምሰው እኔ ነኝ፤ ሁዳዴ ሲመጣ እሱ። ዓመታት ያለ አንዳች እንከን ሄደ፤ በነዚያ ዓመታት ረመዳን ይገባ የነበረው ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምባቸው ሳምንታት ነበር። ለጓደኞቼ እየነገርኩ እኮራበት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያ መካከል ሰልማን ወለድኩ። አባቷ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሁለት ዓመቷ ሳይሞላ ወደ ሊቢያ እንደሄደ ቀረ። በአባቷ ሃይማኖት ነው ያደገችው፤ እኔም አልከለከልኳትም። በረቱ ውስጥ ዳዴ አለች፤ ዐም ኢድሪስ አዝሏት ከላም ላም ይዞር ነበር።

ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ነው የሚመጣው። አንድ ዓመት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ሳያልቅ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገባብን። ከሁለታችን አንዳችንም "ዘንድሮስ እንዴት እናድርግ?" ብለን አልተነጋገርንም። ምን ዓይነት ድንቁርና ነው? ሁለት ትልልቅ ሰዎች!

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ነው። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ጧት ጎህ ሳይቀድ ዐም ኢድሪስ ቀምሶ ነበር፤ ደህና ነበሩ። በአሥር ሰዓቱ አለባ እሱ ከዚያ ጥግ ጀመረ፤ እኔ ከዚህ። ገመር የምትባል ነጭ ላም ነበረችን፤ ጨረቃ ማለት ነው። ያለብኳት እኔ ነኝ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ምንም አልታየም። ስታለብ ግን አንድ እግሯን ትንሽ አነሳች፤ አየኋት። ዝንብ ነው ብዬ አለፍኩት። ወተቷን ትልቁ ጣሳ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኩት። ቤቶቹ ወተቱን የሚፈልጉት ለማፍጠሪያ ስለነበር በዚያ ሙቀት ጣሳው እስኪመሽ ቆመ።

ሰልማ ያቺን ኩባያ የጠጣችው ከእጄ ነው። አፍልቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ እስኪገነፍል አፍልቼዋለሁ። ጥቂት ቆይታ ሆዷን ያዘች፤ ማስመለስ ጀመረች፤ ውሃም አልቆይ አላት። ታቅፌያት ስወጣ መንገዱ ላይ ሌሎችም እናቶች ልጅ ታቅፈው አገኘሁ። ሁሉም የኛን ወተት የጠጡ ናቸው። ሌሎቹ ልጆች በማግስቱ ዳኑ። የኔዋ ሆስፒታል ገብታ ሦስት ቀን ግሉኮስ ላይ ቆየች፤ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ "ማማ" ማለት እንኳ አቅቷት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ዐም ኢድሪስ ሆስፒታሉ ግቢ መጣ። ከዚያ ቀን በፊት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።

"ገመርን አየኋት፤ ግቷ አብጧል! አልቀመስሽም?"

"እኔማ ሁዳዴ ላይ ነኝ! በጾሜ የምትቀምሰው አንተ አይደለህም?"

"ረመዳን እኮ ገባ! በጾሜ የምትቀምሽው አንቺ አይደለሽም?"

ሁለታችንም ውሉን ጠብቀናል፤ ሁለታችንም አልቀመስንም። ሽማግሌው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ በጀላቢያው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ባለቤቱ ነገሩን ሲሰማ "ሙቀት ነው በሉ፤ ሰዉ ሳያፈላ ጠጥቶ ነው በሉ" አለን። እኛም ተባበርን። ያፈሉትን እናቶች "አላፈላችሁም" አልናቸው! ያኔ አፌ ለምን እንዳልተቆለፈ አላውቅም። ሰልማ ከፍ ስትል "ማማ፣ ለምን ታመምኩ?" አለችኝ። "ወተት ነው ያሳመመሽ" አልኳት። የኔን ጥፋት ለወተት ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ የወተት ኩባያ ስትይዝ አላየኋትም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ቀምሰሽ ብትተፊው፣ ያውም ለሰው ደኅንነት፣ ኃጢአት ነው ያለሽ ማነው? ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?" አሉኝ። ዐም ኢድሪስም የሱን ሼኽ ጠይቆ ኖሯል፤ ካልዋጥከው ጾምህ አይፈርስም ብለውታል። ሁለታችንም ተፈቅዶልን ኖሯል! እኔ ያልጠየቅኩት ስላላሰብኩ አይደለም። ጾመኛዋ አላቢ መባሉ ጣፍጦኝ ነው። "ቅመሺ" እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

በረቱ አስጠላኝ። ሁለት ዓመት ወተት የሚያሽግ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፤ ነጭ ጋዋን ለብሼ ወረቀት ላይ ፊርማ ሳኖር ዋልኩ። አለቃዬ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ወተቱም ንጹሕ ነው የሚል ሰው ነበር። ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ሴት ግን አንድ ነገር አስተማረችኝ። ከታመመ ግት የሚመጣው ጀርም ወተቱ ሙቀት ላይ ከቆየ መርዝ ይተፋል፤ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ያ ጣሳ፣ ያ ሙቀት ትዝ አለኝና እዚያው ተቀመጥኩ። ደግሞም የወተት ጨው የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አሳየችኝ። ዐም ኢድሪስን ሳጥን ውስጥ ከትተውታል አልኩ በልቤ፤ ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ። በሳምንቱ ወደ በረቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ጾም ሆነ ፍስክ ሁለታችንም እንቀምስ ነበር፤ እሱ እስኪሞት ድረስ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ ልመለስ፤ ቪዲዮዋን ባየሁ በዓርቡ ሰልማ ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጀመርኳት።

"ላም አየሩን አበላሸች አልሽ?"

"ማማ፣ ይሄ ኢልም ነው። እኔ ከራሴ አላመጣሁትም።"

"እሺ፣ በዕውቀትሽ ንገሪኝ። የኛ ላም የምትበላው ምንድነው? ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የቀረ ፋጉሎ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ የቀረ አገዳ። አንቺ አገዳ ትበያለሽ? እበቷ ዓባይ ዳር ላለው አትክልት ይሄዳል፤ ያ ዐማራት የምትበዪው ሰላጣ በምን በቀለ? ቢሮሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ጄኔሬተር አየር አያበላሽም? እሱ ሽቶ ነው የሚተነፍሰው?"

"ጄኔሬተሩም ጥሩ አይደለም፣ ግን..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም! ባለፈው ዓመት የሞተችውን ላም ሆድ ሲከፍቱ ቆሜ አይቻለሁ። የተጠቀለለ ፌስታል ነው የወጣው፤ በሁለት እጅ የማይታቀፍ። ያንን ፌስታል የጣለው ማነው? ከተማው ላሟን ቆሻሻውን አብልቶ ይገድላትና ዞሮ 'ከተማዬን አቆሸሸች' ይላታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!"

ልጄ አማርኛዋ ያጥራታል፤ ስትናደድ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋባታል። "ማማ፣ ክምሩ ግን አለ። ዝንቡ አለ። ሰው ሁማ ማልታ ይይዘዋል፣ የላም ትኩሳት። አንቺ ራስሽ ጉልበትሽ ለምን ታመመ?"

እውነቷን ነው። ክምሩ የሰው ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ እኔም አሁን በረቱን ለያዘው ለባለቤቱ ልጅ "አንሳው" እያልኩ ዓመት ሞልቶኛል። በትኩሳቱም ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ። "እና ክምሩ ይነሳ በያ! ወተቱ ይፍላ፣ ላሟ ትመርመር በያ! በረቱን ዝጉ ትያለሽ? እዚህ ሰፈር ሴቱ ልጁን በምን ያሳድግ? በዚያ ዐማራት በሚሸጠው ባለ ካርቶን የለውዝ ውሃ? እሱማ ላም አለኝ በሰማይ ነው! አንቺስ የማንን ወተት ጠጥተሽ አደግሽ?"

"እኔ?" አለች ቀስ ብላ። "እኔ መቼ ጠጣሁ ማማ? ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ጠጥቼ አላውቅም።"

እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ረመዳን ዞሮ ዞሮ ዘንድሮም ሁዳዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የገባው፤ ሰዉ ሁሉ ከንፈሩ ደርቋል። የለጅናው ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሰልማ ቆመች፤ የክምሩን ፎቶ አሳየች፤ "የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ" ስትል እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወረቀቱ ለፊርማ መዞር ሲጀምር ወንበሩን ተደግፌ ተነሳሁ።

"ልጄ መታመሟ እውነት ነው" አልኩ። "ያሳመምኳት ግን እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ተናገርኩ። ገመርን፣ ያነሳችውን እግር፣ ሁለቱን ጾሞች፣ በሙቀት የቆመውን ጣሳ። "ያኔ ልጆቻችሁን አፍልታችሁ ያጠጣችሁ እናቶች፣ አላፈላችሁም ብዬ የዋሸሁባችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።" አንዲት አሮጊት "ወላሂ አፍልቼው ነበር! ባሌ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሰድበኝ ኖረ!" ብላ ጮኸች። ምን ልበላት?

የባለቤቱ ልጅ ከኋላ "ጨረስሽን አንቺ ሴትዮ!" አለኝ። ሊቀመንበሩም "ያ ኡም ሰልማ፣ እንግዲያው በረቱ ይዘጋ የሚለውን አንቺው አጸናሽው" አለ።

"መኪና ሰው ሲገጭ ሹፌሩን ትጠይቃላችሁ ወይስ መንገዱን ትዘጋላችሁ?" አልኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ በሱ፣ በባለቤቱ ልጅ፣ በሟቹ ዐም ኢድሪስ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። "የሚቀምስ ሰው በሌለበት ወተት አታስጠጡ። ክምሩን በየሳምንቱ ያንሳ፤ ካላነሳ ዝጉት፣ እኔም እፈርማለሁ። በኔ ምላስ ጥፋት ግን ላሟን አትክሰሱ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ተከሳ በቅቷታል!"

ረጅም ጭቅጭቅ ሆነ። በመጨረሻ ወረቀቱ እስከ ዒድ ማግስት ይቆይ ተባለ፤ ክምሩ ይነሳ፣ ወተቱ በየአለባው ይፈተሽ፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። ድል አልነበረም። ሰልማን በሩ ላይ ደረስኩባት። ፊቷን አላዞረችም።

"ሠላሳ ሦስት ዓመት ማማ" አለች በአማርኛ። "ሰው ቤት ሻይ በወተት ሲሰጡኝ አሁን ጠጣሁ ብዬ እዋሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።"

ሪክሻ፣ ባጃጁን ማለቴ ነው፣ አስቁማ ሄደች። ከዚያ ስደውል አታነሳም።

በሳምንቱ በአሥር ሰዓት በረቱ ውስጥ ነበርኩ። አለባ አልችልም፤ ግን አዲሶቹን አላቢዎች የጥቁሩን ጨርቅና የምላሱን ነገር ላሳያቸው እሄዳለሁ። ክምሩ ገና በከፊል ነው የተነሳው። ጥጃው ጠብቶ ተነጥሏል፤ እኔ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ነኝ። ጥላ ወደቀብኝ፤ ቀና ስል ሰልማ ናት። በጫማዋ እበቱ ውስጥ ቆማለች።

"ዛሬ የሚቀምሰው ማነው?" አለች።

"እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለ?"

ቁጢጥ አለችና መዳፏን ዘረጋች።

"ረመዳን ላይ ነሽ እኮ" አልኳት።

"ጠይቄ ነው የመጣሁት" አለች። "ካልዋጥኩት አይፈርስም።"

ጠይቄ ነው የመጣሁት! ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው። እኔ ያልጠየቅኩትን ልጄ ጠይቃ መጣች። ጡቱን ጨበጥኩና መዳፏ ላይ ጠብ አደረግኩላት። ብዙ አየችው። ከዚያ ምላሷን አስነካች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ዞር ብላ ተፋች። በውሃ ተጉመጠመጠች።

"እህሳ? ጨው አለው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ ማማ። ደህናው ምን ምን እንደሚል ረስቼዋለሁ።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "አንቺም ቅመሺው። ክምሩ ግን ዛሬ ሳይነሳ አልሄድም።"

"ይነሳል አልኩ እኮ!"

በሁዳዴዬ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ፤ ተፋሁ። ጨው አልነበረውም።